ጅራፉና ጨዉ፤ በየጁ ምድር ስለ ማቅናትና ስለ መቅጣት

ከወልድያ ተነሥቶ የደሴን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ፣ ሲሪንቃን አልፎ ወደ መርሳ ሲቃረብ፣ በቀኙ ወደ ደጋው የሚወጣውን ተራራ፣ በግራው ደግሞ እያዘቀዘቀ እስከ አፋር ቆላ የሚደርሰውን የሀብሩን ሜዳ እየተመለከተ ሲጓዝ፣ ዝናቡ ጥሎ መሬቱ በራሰበት ወራት አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም፤ ይኸውም በአንድ ጥማድ በሬ ላይ ሦስት ሰው ተረባርቦ፣ አንዱ እርፉን ጨብጦ፣ አንዱ ከፊት ሆኖ ገመድ እየሳበ፣ ሦስተኛውም ከጎን እየተከተለ፣ አንድ ጊዜ ሲሮጡ አንድ ጊዜ ሲቆሙ የሚያረፍዱበት ሥራ ነው። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ጉልበት ለአንዲት ጠባብ እርሻ መዋሉ ከንቱ ድካም ይመስለዋል፤ የዚያን ቀን ግን ትልሙ ቢጣመም፣ ማረሻውም መሬቱን ጭሮ ቢያልፍ የሚቆጣ የለም፤ የተፈለገው ከጥማዱ አንዱ፣ ቀንበር በጫንቃው አርፎ የማያውቀው እንቦሳ መሰል ወጣት፣ ከሰው ጋር መሥራትን እንዲለምድ ነውና። የአገሩ ሰው ይህን ሥራ «ወይፈን ማቅናት» ይለዋል።

ቃሉ በአማርኛችን ሰፊ ቦታ የያዘ ነው። ገበሬው ወይፈኑን ያቀናል፤ መምህሩ የተማሪውን ንባብ ያቀናል፤ መስፍኑም አገር አቀና ይባላል። በሦስቱም ስፍራ ጠማማውን ቀጥ ማድረግ፣ ዱሩንም ለማዳ ማድረግ ማለት ነው። ከዚህ ቃል አጠገብ ሌላ አንድ ጥንታዊ ቃል አለ፤ እርሱም «ፍዳ» ነው። «ፈደየ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የተገኘው ይህ ቃል በመሠረቱ ብድራትን መመለስ፣ ዕዳን መክፈል ማለት ነበረና በጎ ለሠራም ክፉ ለሠራም እንደ ሥራው የሚከፈለውን ሁሉ ይሸከም ነበር፤ ወደ አማርኛ ሲሻገር ግን በጎው ወገኑ ከላዩ ተራግፎ መከራና ሥቃይ ብቻ ሆኖ ቀረ። ይህ የቃል መጥበብ ብቻ መስሎ አይታየኝም። ከሥራ በኋላ የሚመጣው ነገር፣ ምስጋናም ቢሆን ጅራፍ፣ የሠራተኛውን ጠባይ እንዴት እንደሚቀርጽ አባቶቻችን በየጁ ምድር በሚገባ ያውቁት ነበር፤ ሆኖም ያንን ዕውቀት ለበሬው ሲያውሉት ለልጁ ነፈጉት። ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

እንግዲህ ከበሬው ልጀምር። ወይፈን ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላውና ጫንቃው ሲጠና ለቀንበር ይታሰባል። በመጀመሪያው ቀን ማንም ሞፈርና ማረሻ አይጭንበትም። አንገቱን በገመድ አስገብተው ከሰው አጠገብ መቆምን ያስለምዱታል፤ ቀጥሎ ከነባር በሬ ጋር አጣምረው ባዶ ቀንበር ብቻ አሸክመው በሜዳ ላይ ያዞሩታል፤ ነባሩ በሬ ሲሄድ ይሄዳል፣ ሲቆም ይቆማል፣ ሲዞርም ወድዶ ሳይሆን ቀንበሩ ስለሚያዞረው ይዞራል። ከዚህ በኋላ ነው ሞፈሩ የሚጨመረው፤ መሬቱም አስቀድሞ የታረሰና የለሰለሰ ይመረጣል እንጂ ደረቅ ጠፍ በጀማሪ ወይፈን አይገመስም። በልጅነቴ በሀብሩ ቆላ ይህን ሥራ ከአያቴ አጠገብ ቆሜ አይቻለሁና፣ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ጅራፉ ሳይሆን ገመዱ ነው። ገመዱ የሚወጠረው ወይፈኑ ሲያፈገፍግ ነው፤ የሚላላውም እግሩን ባነሣባት በዚያችው ቅጽበት ነው፤ ከዚያ አስቀድሞም አይላላም፣ ከዚያ ዘግይቶም አይላላም። ከፊት የሚስበው ሰው ጥበብ ሁሉ በዚህች ቅጽበት ላይ ያረፈ ነበረ። ወይፈኑ በገመዱ መላላት ውስጥ «መራመድ ዕረፍት ነው» የሚል ቃል ያለ ሰው አንደበት ይሰማል።

ጅራፉም ቢሆን ከቆዳው ይልቅ ለጆሮው የተሰጠ ነበረ። ነጂው አስቀድሞ በሬውን በስሙ ይጠራዋል፤ ቦራ፣ ወይኖ፣ ዳለቻ እያለ በመልኩ ያወጣለትን ስም ይጠራና፣ ያን ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ ጅራፉን በአየር ላይ ያጮኸዋል፤ ያም ካልበቃ ይነካዋል። ስሙ ከጅራፉ በፊት ስለሚመጣ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስሙ ብቻውን ይበቃል። ጥማዱ በሚፈታበት ጊዜ ደግሞ ጫንቃውን ይዳስሱለታል፤ ለምለም ሣር ያቀርቡለታል፤ ሲገኝም ከአፋር በረሃ የመጣውን ጨው በመዳፋቸው ይዘው ያልሱታል። ወይፈኑ በማግስቱ ገመድ የያዘውን ሰው ሲያይ የማይሸሸውና የሚቀርበው በዚያ ጨው ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ስለ ልግመኛ በሬ ያላቸው ዕውቀት ነው። አንዳንድ በሬ በእርሻ መካከል ዘፍ ብሎ ይተኛል፤ ቢገፉት አይነሣም፣ ቢመቱትም ዓይኑን ጨፍኖ ይቀበላል። ልምድ የሌለው ወጣት ገበሬ ተናድዶ ወይም አዝኖ ቀንበሩን ይፈታለታል። አረጋዊው ገበሬ ይህን ሲያይ «አበላሸኸው» ይለዋል፤ ተኝቶ ሳለ የተፈታ በሬ መተኛት እንደሚያስፈታ ተምሮአልና፣ ነገ ቀድሞ ይተኛል፣ ከነገ ወዲያም ገና ቀንበሩን ሲያይ ይተኛል። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው የተኛውን በሬ በትዕግሥት አስነሥቶ፣ አምስት ወይም ስድስት ርምጃ አስኪዶ፣ በሚራመድበት ጊዜ ይፈታዋል። ዕረፍቱ ያው ዕረፍት ነው፤ የተሰጠበት ሰዓት ግን በሬውን ወይ ሠራተኛ ወይ ልግመኛ ያደርገዋል። ይህን የሚያህል ጥልቅ ነገር በመጽሐፍ ሳይጻፍ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ መኖሩ፣ የገበሬውን ሕዝብ ያልተማረ እያሉ ለሚጠሩት ሁሉ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ከእርሻው ወራት አልፈን ወደ እሸቱ ወራት ስንመጣ፣ ቆላው ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት ይሆናል። የሀብሩ ቆላ የማሽላ አገር ነው፤ ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምርም ከወፍ ጋር ያለው ሙግት ይጀመራል። ልጆች ከእርሻው መካከል በእንጨት በተሠራ ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፋቸውን ይዘው፣ ጅራፋቸውን እያጮኹ ከንጋት እስከ ምሽት ይጠብቃሉ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። ገበሬው ልጅ ሲያንሰው ቡትቶ ያለበሰውን የእንጨት ሰው በማሳው መካከል ያቆማል፤ ወፎቹም በመጀመሪያው ቀን ዞረውት ይሄዳሉ፣ በሁለተኛው ቀን ከዳር ያርፋሉ፣ ሳምንት ሳይሞላም በራሱ ላይ ተቀምጠው ክንፋቸውን ያራግፋሉ። ከዛቻው በኋላ ምንም እንደማይመጣ ተረድተዋልና። ጅራፍ ማጮህም እንዲሁ ነው፤ ድምፁ ብቻ እየተደጋገመ ድንጋይ ካልተከተለው ግሪሳው ለምዶት ይበላል። ስለዚህ ታላላቆቻችን ሲያስተምሩን፣ ጅራፉን አዘውትራችሁ አታጩኹ፣ ስታጮኹ ግን አንዳንድ ጊዜ ወንጭፉን አስከትሉ ይሉን ነበር።

በዚሁ አገር የሚዘሩት የማሽላ ዓይነቶችም በዚህ ሙግት ውስጥ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። «ወተት በጉንጬ» የሚባለው ማሽላ በወሎ የታወቀ ነው፤ ስሙ እንደሚናገረው እሸቱ ጣፋጭ ስለሆነ ሰውም ወፍም ይሻማበታል። ዘንጋዳ የሚባለው ቀዩ ማሽላ በአንጻሩ ጎምዛዛና ምሬት ያለው ነውና ወፉ ቀምሶ ይተወዋል። ወፉን የሚያርቀው የጠባቂ ጩኸት ሳይሆን የገዛ ምላሱ ነው፤ ቅጣቱ ከሥራው ጋር በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ፣ ጠባቂ ኖረ አልኖረም ያው ነው። ይህን ነገር ወደ ኋላ ስለ ሰው ስንናገር እናስበው ዘንድ አንባቢዬን እለምናለሁ።

ገበሬው በገመድና በጨው የሚያውቀውን ይህን ነገር የሥነ ልቡና ሊቃውንት በሳጥን ውስጥ መርምረው በሕግ መልክ የጻፉት ዘግይተው ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ በ1898 እ.ኤ.አ. የተራቡ ድመቶችን በሳጥን እየዘጋ፣ መቀርቀሪያውን ከፍተው ሲወጡ ምግብ እየሰጠ፣ የሚወጡበትን ጊዜ ይለካ ነበር፤ ድመቲቱ በመጀመሪያ በዘፈቀደ ስትቧጭር ትቆያለች፣ በተደጋገመ ቁጥር ግን ከንቱው መቧጨር እየቀረ የምትከፍትበት ሥራ ብቻ ይጸናል። ከዚህም ተነሥቶ ደስታ የተከተለው ሥራ ይጸናል፣ መከራ የተከተለው ይደክማል አለ። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን ይህ ሊቅ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ማረሙን ነው፤ ሽልማት ሥራን የሚያጸናውን ያህል ቅጣት ሥራን እንደማያጠፋ በኋለኛው ምርመራው ስላገኘ፣ ሁለቱን እኩል ማድረጉን ተወ።

ከእርሱ በኋላ የተነሣው ቢ. ኤፍ. ስኪነር (1904–1990 እ.ኤ.አ.) በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ከፍ ወዳለ ደረጃ አደረሰው። አይጦች ትንሽ ዘንግ ሲጫኑ እንክብል ምግብ እንዲወርድላቸው አደረገና አስለመዳቸው፤ ከዚያም ምግቡን አቋርጦ እስኪተዉ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚጫኑ ቆጠረ። ከእነርሱ ከፊሎቹ በመጀመሪያ ላይ ዘንጉን ሲነኩ መዳፋቸው እንዲመታ ተደረገ። የተመቱት ወዲያው ተዉ፤ ቅጣቱ ሠራ ያሰኛል። ምቱ ከቆመ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ተመልሰው መጫን ጀመሩ፣ በመጨረሻም ሲደመር ካልተመቱት እኩል ተጫኑ። ቅጣቱ ልማዱን ለጊዜው ደበቀው እንጂ ከልባቸው አልነቀለውም። ደግሞም ይኸው ሊቅ ከቻርልስ ፈርስተር ጋር በ1957 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰፊ ሥራ፣ ምግቡ ሁልጊዜ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ፣ መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ የሚሰጣት ርግብ፣ ሁልጊዜ ከሚሰጣት ይልቅ ምግቡ ከቀረ በኋላ ብዙ ጊዜ ሳትሰለች ስትቆረቁር እንደምትኖር አሳየ።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ ርግብ ሳትሆን ደጅ ጥናት ነበረች። የየጁ መሳፍንት ከታላቁ ራስ አሊ ጀምሮ እስከ ዳግማዊ ራስ አሊ ድረስ በጎንደር ዙፋን ላይ ከአንድ ትውልድ በላይ የበላይ ሆነው፣ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት ኃይላቸው እስኪፈርስ ድረስ፣ ሹመትና ጉልት በእጃቸው ነበረ። በእነርሱም ዘመን ሆነ ከእነርሱ በፊትና በኋላ፣ በመላው ኢትዮጵያ ሹመት ፈላጊ የሆነ ሁሉ በጌታው ደጅ ቆሞ ይጠና ነበር። ጌታው ዛሬ ያያል ነገ አያይም፤ አንዱን በመጣበት ሳምንት ይሾማል፣ ሌላውን ሦስት ዓመት ያስጠብቃል፤ የተሾመውም በማናቸውም ጊዜ ይሻራል፣ የተሻረው ተመልሶ ይሾማል። ጠኚው ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል ሲባል አይሄድም፤ ነገ ሊሆን ይችላልና። የሹም ሽር ሥርዐት ታማኝነትን ያጸና የነበረው በደግነቱ ሳይሆን ባለመታወቁ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ነገር ግን ያጸናው ሥራን አልነበረም፤ ደጅ ላይ መቆምን ነው። የተሸለመው ነገር ጸና፤ የተሸለመውም መቆም ነበረ። የአገራችን ብዙ ብልህ ሰው ዕድሜውን በግንብና በአጥር ሥር እንደ ጨረሰ ሳስብ ልቤ ያዝናል።

አሁን ወደ ልጁ እመጣለሁ። በየጁ ምድር ልጅ የሚማርባቸው ሁለት ጥንታውያን ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር፣ ሁለተኛው በሸሁ ደጃፍ። በመጀመሪያው የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ልጆቹ ፊደል ይቆጥራሉ፤ ከሀ ሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ ፊደል ሐዋርያ፣ ከዚያ ወደ ወንጌል፣ በመጨረሻም ወደ ዳዊት ይሻገራሉ። በሁለተኛው ደረሳው በእንጨት ሉሕ ላይ ከጥላሸት በተዘጋጀ ቀለም እየጻፈ፣ ያጠናውን አጥቦ አዲሱን እየጻፈ፣ ቁርአንን ከአጫጭሮቹ ሱራዎች አንሥቶ ይዘልቃል። ሃይማኖታቸው ቢለያይም የሁለቱ ቤቶች ሥርዐት እንደ ወንድማማች ይመሳሰላል፤ በሁለቱም ዘንድ ትልቁ ልጅ ትንሹን ያስተምራል፣ በሁለቱም ዘንድ ጮክ ብሎ ማንበብ ግዴታ ነው፣ በሁለቱም ዘንድ አለንጋ ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

የሁለቱም ቤቶች የማስተማር ጥበብ ታላቅ እንደ ነበረ ሳልናገር ብቀር በደል ይሆንብኛል። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያነብ ስሕተቱ ወዲያው ይሰማል፣ ወዲያውም ይታረማል፤ የዛሬው ተማሪ የፈተና ወረቀቱ እስኪመለስለት ሳምንት ሲጠብቅ፣ የየኔታ ተማሪ ግን ፊደሉ ከአፉ ሳይወጣ ዕርማቱን ያገኝ ነበር። መጨረሻውም ደስታ ነበረው። ልጁ ዳዊት የደገመ እንደ ሆነ ወላጆቹ ድግስ ደግሰው መምህሩንና ጓደኞቹን ያበላሉ፤ ቁርአን ያኸተመ እንደ ሆነም በሸሁ ቤት ታርዶ ዱዓ ይደረግለታል። ያን ቀን መንደሩ ሁሉ ልጁን በሌላ ዓይን ያየዋል። ታዲያ ይህ ደስታ ከፊደል ቆጠራው ቀን ብዙ ዓመት የራቀ ነው። ገና ሀ ሁ ለሚለው የስድስት ዓመት ልጅ ያ ድግስ ከተራራ ማዶ እንደሚጨስ እሳት ነው፤ ጭሱን ያየዋል፣ አይሞቀውም። በየቀኑ የሚደርሰው ከአጠገቡ ያለው ነገር ነበረ፤ እርሱም አርጩሜ፣ ኩርኩም፣ ቁንጥጫና አለንጋ ነው።

ወላጁ ልጁን ሲያስረክብ፣ ዓይኑን ብቻ ይጠብቁልኝ እንጂ ቢቀጡት አልቆጣም ብሎ ይሰጣል። ይህ ጭካኔ አልነበረም፤ ልጁን ከሚወድ አባት የሚወጣ፣ ትምህርት ያለ ቅጣት አይገባም ከሚል እምነት የመነጨ ቃል ነው። ቅጣቱ የከበደበት ልጅ ይኮበልላል። የኮበለለውን ፈልገው ያመጡታል፤ ከጓደኞቹም ፊት ይገረፋል፤ ደግሞ እንዳይሄድም እግሩ በብረት ወይም በግንድ የሚታሰርበት ጊዜ ነበረ። እግር ብረቱን እየጎተተ ፊደል የቆጠረ ልጅ በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ ጥቂት አይደለም። ከእነዚህም ብዙዎቹ በኋላ ሊቃውንት ሆኑ፤ ስለዚህም «ብረቱ ነው ሰው ያደረገን» ሲሉ ይሰማሉ። የማይሰማው፣ ሳይመለስ የኮበለለው ልጅ ድምፅ ነው፤ እርሱ ፊደል ሳይለይ፣ መጽሐፍ ባየ ቁጥር አለንጋ እየታየው ያረጀ ስለሆነ የሚጽፍልን የለውም።

ከዚህ ጋር የሚቃረን አንድ ታላቅ ምስክር ግን በዚያው ሥርዐት ውስጥ እናገኛለን። ከወልድያ ሽቅብ ወደ ምዕራብ ደጋውን ወጥቶ ዋድላ የሚደርስ ሰው፣ በኢትዮጵያ ከታወቁት ከሦስቱ የቅኔ ቤቶች፣ ማለት ከዋሸራ፣ ከጎንጅና ከዋድላ፣ ወደ አንዱ ደረሰ ማለት ነው። የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ኮሮጆውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር፣ አንዱ ቤት ሲሰጠው በሌላው ቤት ውሻ የሚለቀቅበት ድኻ ነው። እርሱን በዚያ ብርድ ውስጥ የሚያቆየው አለንጋ አይደለም፤ በቅኔ ቤት አለንጋ ቦታዋ ጠባብ ነው። ተማሪው ሌሊቱን ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በልቡ ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ፣ በማግስቱ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ መምህሩም ቤቱ የጎደለውን፣ ምሥጢሩ የሳተውን እዚያው ያርሙለታል። ምሥጢሩ የሰመረ እንደ ሆነ ግን ከመምህሩና ከጓደኞቹ አንድ ቃል ይወጣል፤ «ይበል!» የሚል። ስለዚህች አንዲት ቃል ሲል ስንቱ ወጣት እናቱን ትቶ፣ በቆሎ እየኖረ፣ ሰባትና ስምንት ዓመት በደጋ ብርድ ቆይቶአል! ከተናገረው ነገር ጋር ወዲያው የምትመጣ፣ በቀላሉ የማትገኝ፣ በሐሰትም የማትሰጥ ናትና፣ ኃይልዋ ከእግር ብረት ኃይል ይበልጥ ነበር። በገዛ ቤታችን ይህን የመሰለ ጥበብ ሳለን፣ ለታላቁ ተማሪ «ይበል»ን፣ ለታናሹ ግን አርጩሜን መደልደላችን ለምን እንደ ሆነ አይገባኝም።

የመንግሥቱ ቅጣት ረጅም ታሪክ አለው፤ እኔ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ከፍትሐ ነገሥቱ ጀምሮ እስከ 1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከዚያም እስከ 1949 ዓ.ም. ሕግ ድረስ ተከታትለው የወጡት ሕግጋት ቅጣቱን መልክ ለማስያዝ ደክመዋል። በቀድሞው ዘመን ጥፋተኛው በገበያ ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይገረፍ ነበር፤ የሚያየው ሕዝብ እንዲፈራ ታስቦ። በመንደሩ ሰው መካከል ግን ከዚያ የበለጠ ሥራ የሠራው አውጫጭኝ ይመስለኛል። ከብት ቢሰረቅ ወይም ቤት ቢቃጠል የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ መርጦ፣ አጥፊው እስኪገኝ ድረስ ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። የሌባው ጭንቀት ጅራፉ ሳይሆን እንደማያመልጥ ማወቁ ነበረ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በእርሱ ምክንያት እርሻውን ትቶ ተቀምጦአልና። የዘንጋዳው ምሬት ያልሁት ይህ ነው፤ ቀላል ቢሆንም የማይቀር።

አዲሱ ትምህርት ቤት ሲመጣ፣ ሰሌዳውና ወንበሩ ከውጭ ቢመጡም አርጩሜው ከዚሁ ከቤታችን ገባ። እኔ ራሴ በተማርሁበት ቤት፣ ዘግይቶ የመጣ ልጅ በጠጠር ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ ፀሐይ ላይ ይውል ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የሚመጣ የክፍል ጓደኛዬ፣ በዘገየ ቀን ከመንበርከክ ይልቅ ጨርሶ መቅረትን መረጠ፤ መቅረቱን የሚያይበት ሰው አልነበረምና። በዓመቱ መጨረሻ ስሙ ሲጠራ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። መምህራችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልጁ በሰዓቱ እንዲመጣ ፈለጉ። ልጁ የተማረው ግን ሌላ ነበረ፤ ዘግይቶ ሲመጣ ተቀጣ፣ ሲቀር አልተቀጣም፤ እንግዲህ ምን ያድርግ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጹ፣ ልጅ በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ደነገገ። ይህ የተጻፈበት ቀን በልጆቻችን ታሪክ ውስጥ ታላቅ ቀን ነው ብዬ አምናለሁ። ዳሩ ግን ሕግ አርጩሜውን ከእጅ ያስጥላል እንጂ በቦታው የሚተካውን አይሰጥም። በእጁ የሚይዘው ያጣ መምህር ወይ ሥርዐት በሌለው ክፍል ይጨነቃል፣ ወይ በሥውር ወደ አርጩሜው ይመለሳል። የሚተካው ነገር ከሩቅ አገር ሊመጣልን አይገባም፤ በመርሳ ዳርቻ ወይፈን የሚያቀናው ገበሬ ያውቀዋልና። እርሱ ሥራውን ከፋፍሎ ይሰጣል፤ ባዶውን ቀንበር ከሞፈሩ ያስቀድማል። ከሚያውቅ ጋር ያጣምራል። ገመዱን በተራመደባት ቅጽበት ያላላል። የተኛውን ተኝቶ ሳለ አይፈታም። ሲያበቃም ጨዉን በእጁ ይዞ ይቀርባል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከመምህር ይልቅ ርኅሩኅ ስለሆነ ነው አልልም፤ የተበላሸ በሬ የዓመት ቀለቡን እንደሚያሳጣው ስለሚያውቅ ነው። ልጅ ሲበላሽ ግን ኪሳራው ዘግይቶ ስለሚታይ፣ የማን እጅ እንዳበላሸው ማንም አይጠይቅም።

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ቀበሌዎች ሁሉ የምታስተምሩ መምህራን፣ ልጆቻችሁንም የምታሳድጉ አባቶችና እናቶች፣ አንዲት ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ጠርቶት የመጣለትን በሬ የሚመታ ገበሬ በአገራችን የለም፤ ቢመታው ሁለተኛ እንደማይመጣለት ያውቃል። እንግዲህ ኮብልሎ የነበረው ልጅ በራሱ እግር ወደ ትምህርት ቤቱ የተመለሰ እንደ ሆነ፣ የቀረበትን ምክንያት በሌላ ቀን ጠይቁት፤ በተመለሰበት ቀን ግን አትምቱት።